የበሩ ሁለት ጥያቄዎች

ደጅ የቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ማነህ?» ተብሎ ነው። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥታችን ይህን የመጠየቅ ሥልጣን የአጋፋሪው ነበር። አጋፋሪ ወረቀት አይመረምርም፤ ፊት ያያል፣ ወገን ይጠይቃል፣ ከዚያም ባለጉዳዩን ያስገባል ወይም ደጅ ያስጠናል። ዓለም ሲሰፋና ሰው ሲበዛ ግን የሁሉን ፊት የሚያውቅ አጋፋሪ አልተገኘም። በእርሱ ምትክ በደረት ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ትንሽ ባጅ መጣች።

ይህች ባጅ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ስለምትታይ ታሪክ ያላት አይመስለንም። አላት። ታሪኳ ከሁሉ ይልቅ የከበደው ደግሞ የአቶም ኃይል በሚመነጭበት ሥፍራ ነው። በሌላው በር ላይ ጥያቄው አንድ ነው፤ በዚያ በር ላይ ግን ሁለት ነው። አንደኛው «ማነህ? ልትሠራ መጣህ ወይስ ልታጠፋ?» ይላል፤ ቤቱን ከሰው ለመጠበቅ የሚጠየቅ ነው። ሁለተኛው «ከውስጥ ምን ይዘህ ወጣህ? ምን ያህል ጨረራ ነካህ?» ይላል፤ ሰውን ከቤቱ ለመጠበቅ የሚጠየቅ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህች አጭር መጣጥፍ የነዚህን የሁለት ጥያቄዎች ታሪክ ትከተላለች። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፖስታ ሣጥን የተወለዱ

የአሜሪካ መንግሥት አቶሚክ ቦምብ ለመሥራት በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሎስ አላሞስ በተባለ አምባ ላይ ምስጢራዊ ሠፈር ያቋቋመው በ1943 ነበር። የነዋሪዎቹ አድራሻ «ፖስታ ሣጥን ቁጥር 1663፣ ሳንታ ፌ» ከሚለው በቀር ሌላ አልነበረም። በአምባው ላይ የተወለዱ ሕፃናት እንኳ በልደት ምስክር ወረቀታቸው ላይ የትውልድ ሥፍራቸው ያው የፖስታ ሣጥን ሆኖ ተመዝግቧል። አዲስ መጤው ሊቅ በመጀመሪያ የሚደርሰው ሳንታ ፌ ከተማ፣ ምሥራቅ ፓላስ ጎዳና ቁጥር 109 ከሚገኝ አነስተኛ ቢሮ ነበር። ዶረቲ መኪቢን የተባሉ ወይዘሮ በዚያ ተቀብለው የይለፍ ወረቀቱን ይሰጡታል፤ ወደ አምባው የሚወጣበትንም መንገድ ያሳዩታል። የዚያ ዘመን አጋፋሪ እርሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የስሙ ነገር ነው። ስማቸው በዓለም የገነነ ሊቃውንት በዚያ በር ሲያልፉ ስማቸውን እንደ ካፖርት አውልቀው ይገቡ ነበር። ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር «ኒኮላስ ቤከር» ሆነ፤ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ፌርሚ «ሄንሪ ፋርመር» ተባለ። ባጅ የሰውን ማንነት ትገልጽ ዘንድ የተሠራች ስትሆን፣ በሎስ አላሞስ ግን ማንነትን መሸሸጊያም ሆና አገለገለች።

ባጅዋ ቀለም ነበራት። ነጭ ባጅ የያዘ ሳይንቲስት የሥራውን ምስጢር ሁሉ ሊሰማ፣ በየሳምንቱ በሚደረገው ጉባኤም ሊቀመጥ ይችል ነበር፤ ሰማያዊ ባጅ የያዘው የሚነገረው ለተመደበበት ሥራ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው። የፕሮጀክቱ አዛዥ ጄኔራል ሌስሊ ግሮቭስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ብቻ እንዲያውቅ ይፈልግ ነበር። የቤተ ሙከራው መሪ ሮበርት ኦፐንሃይመር ደግሞ ሊቃውንት ካልተነጋገሩ ሥራው አይሰምርም ብሎ ተሟገተ። የነጩ ባጅ ሰፊ ሥልጣን የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

ያ ሁሉ ጥበቃ ምን ያህል ይጠብቅ ነበር? የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በትዝታ መጽሐፉ የተረከው ጨዋታ አለ። ሠራተኞች መንገድ ለማሳጠር በአጥሩ ላይ ቀዳዳ አበጅተው ነበር። ፋይንማን ይህን ሲያይ በዋናው በር ይወጣል፣ ዞሮ በቀዳዳው ይገባል፤ ደግሞ በበሩ ይወጣል፣ ደግሞ በቀዳዳው ይገባል። ዘበኛው ይህ ሰው ሳይገባ ስንት ጊዜ ነው የሚወጣው ብሎ እስኪደነግጥ ድረስ ይመላለሳል። ፋይንማን በጨዋታው የገለጠው እውነት ቁም ነገር ነበረው፤ በሩ የሚያውቀው በበሩ ያለፈውን ብቻ ነው።

በሩ በሚገባ ያወቀው ሰው እንኳ ያላወቀው ነገር ነበረው። ክላውስ ፉክስ በነሐሴ 1944 ከእንግሊዝ ቡድን ጋር ወደ ሎስ አላሞስ የመጣ ትውልደ ጀርመን ሊቅ ነው። ፎቶግራፉ ያለባት ባጅ የእርሱ ነበረች፤ ስሙም እውነተኛ ስሙ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ አልሾለከም፣ የሌላ ሰው ወረቀት አልያዘም። በዚያው በር እየገባና እየወጣ የቦምቡን ምስጢር ለሶቪየት ኅብረት አሳልፎ ሰጠ። በጥር 1950 ራሱ ተናዘዘ፤ በመጋቢትም 14 ዓመት ተፈረደበት። በር የሰውን ፊት ከፎቶግራፉ ጋር ማስተያየት ይችላል፤ ልቡን የሚያስተያይበት ፎቶግራፍ ግን የለውም።

የጠቆረችው ፊልም

ሁለተኛው ጥያቄ የተወለደው በዚያው ዘመን፣ በሌላ ከተማ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፌርሚና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የአቶም ሰንሰለታዊ ምላሽ በታኅሣሥ 2 ቀን 1942 ሲያስጀምሩ፣ ከጎናቸው የነበሩ ሐኪሞች አንድ አሮጌ ታሪክ አልረሱም። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በኒው ጀርዚና በሌሎች ግዛቶች የሰዓት ፊት በራዲየም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ስለነበር ራዲየሙ ከአጥንታቸው ገብቶ መንጋጋቸውን በላው። ማንም ስንት እንደዋጡ አልመዘገበላቸውም።

ጨረራ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሲነካም አያምም። ስለዚህ ሠራተኛው ራሱ የማያውቀውን የሚያውቅለት አንድ ምስክር ያስፈልግ ነበር። በቺካጎው ቤተ ሙከራ ኧርነስት ወላን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ምስክር በትንሽ ፊልም አዘጋጀ። የጥርስ ሐኪም ለራጅ የሚጠቀምባትን የመሰለች ቁራጭ ፊልም በካድሚየም ማጣሪያ በተሠራ ማቀፊያ ውስጥ ትገባለች፤ ሠራተኛው በደረቱ ይይዛታል። ጨረራ ሲያገኛት ትጠቁራለች። በተወሰነ ጊዜ ትታጠብና የጥቁረቷ መጠን ይለካል፤ ልኩም በሠራተኛው ስም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በኋላም በኦክ ሪጅ፣ በዚያ በጦርነቱ ዘመን 75,000 ያህል ሰው በኖረበት ሌላ ምስጢራዊ ከተማ፣ ፎቶግራፍ ያለባት የበር ባጅና የጨረራዋ ፊልም በአንድ ማቀፊያ ውስጥ ተዋሐዱ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሰው ደረት ላይ ጎን ለጎን ተንጠለጠሉ።

ይህ ጋብቻ በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም። ስም የሌላት ፊልም ጥቁር ቁራጭ ብቻ ናት። የማን ደረት ላይ እንደዋለች ካልታወቀ ለሐኪምም ለዳኛም የምትናገረው የላትም።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የአቶም ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫነት ሲዞር ይህ ሥርዓት አብሮ ተሸጋገረ። በሶቪየት ኅብረት የኦብኒንስክ ጣቢያ በ1954፣ በእንግሊዝ ካልደር ሆል በ1956፣ በአሜሪካ ሺፒንግፖርት በ1957 ኤሌክትሪክ መስጠት ጀመሩ። የጣቢያዎቹ ኑሮ ግን ከምስጢራዊው ከተማ ኑሮ ይለያል። በኑክሌር ጣቢያ ሪአክተሩ ነዳጅ ለመቀየርና ለጥገና በየጊዜው ይቆማል። በዚያን ጊዜ ቋሚው ሠራተኛ ስለማይበቃ በያጅ፣ ቧንቧ ሠሪ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ጠራጊና ቀለም ቀቢ በብዙ መቶ እየተቆጠረ ከውጭ ይገባል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። በሩ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚጨነቀው በነዚያ ሳምንታት ነው።

ይህ ተዘዋዋሪ ሠራተኛ ሁለቱንም ጥያቄዎች ያከብዳቸዋል። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን በ1990 ባወጣው ምክር መሠረት ሠራተኛ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ100 ሚሊሲቨርት፣ በአንድ ዓመት ደግሞ ከ50 ሚሊሲቨርት በላይ መቀበል የለበትም። ሰውየው በአንዱ ጣቢያ 15፣ በሌላው 20፣ በሦስተኛው 18 ቢቀበል፣ ይህ ሁሉ የሚደመረው ስሙ በሦስቱም በር አንድ ስም ሆኖ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ስሙ ከተሳሳተ ወይም ከተለወጠ፣ በወረቀት ላይ ሦስት ጤነኛ ሰዎች ይሆናል፤ ሥጋው ግን አንድ ነው።

በሩ የሚያውቀው ሰው

በየካቲት 1993 አንድ ሰው ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ መኪናውን እያበረረ በሩን ሰብሮ ገባ። አጥሩን ጥሶ የተርባይኑን አዳራሽ መዝጊያ በመኪናው ገጭቶ ቆመ፤ ከዚያም ጨለማ ውስጥ ተደብቆ አራት ሰዓት ያህል ሲፈለግ ቆየ። ነገሩ የአሜሪካን ተቆጣጣሪዎች አስደንግጦ በየጣቢያው የመኪና ማገጃ እንዲቆም ምክንያት ሆነ። ሰውየው ግን በሪአክተሩ ላይ ያደረሰው ጉዳት አልነበረም።

ጉዳት ያደረሱት ሌሎች ናቸው። በ1979 የጸደይ ወራት በቨርጂኒያ የሰሪ ጣቢያ ሁለት ተለማማጅ ሠራተኞች ገና ሥራ ላይ ባልዋሉ 62 የነዳጅ ጥቅሎች ላይ ኮስቲክ ሶዳ አፈሰሱ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ የጣቢያው ጥበቃ ልል መሆኑን ለማሳየት ነው አሉ። በሩን ግን አልሰበሩም፤ መግቢያ ፈቃዳቸው ሕጋዊ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ የሚልቀው ታሪክ የአፍሪካ ነው። ከኬፕ ታውን በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአትላንቲክ ዳርቻ የሚገኘው ኩበርግ እስካሁን በአህጉራችን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ብቸኛው የኑክሌር ጣቢያ ነው። በ1982 የአፓርታይድ መንግሥት በፈረንሳይ ኩባንያዎች እያስገነባው ነበር። ያ መንግሥት መላ ሥርዓቱን ያቆመው በመታወቂያ ላይ እንደነበር እናስታውስ። ጥቁር ሰው የይለፍ ደብተሩን ሳይዝ በከተማ ጎዳና ቢገኝ ይታሠር ነበር፤ በ1960 በሻርፕቪል በፖሊስ ጥይት የወደቁት ሰዎች የተሰለፉት ይህን ደብተር ተቃውመው ነው። «ማነህ?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ መንግሥት አብዝቶ የጠየቀ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኩበርግን ያፈነዳው ግን ደብተር የማይጠየቅ ሰው ነበር። ሮድኒ ዊልኪንሰን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ፣ በጎራዴ ስፖርት የአገሩ ሻምፒዮን የነበረ፣ በግንባታው ላይ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። የጣቢያውን ንድፍ ሰርቆ ወደ ዚምባብዌ ወሰደ፤ ለአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ሰዎችም አስረከበ። የኮንግረሱ ወታደራዊ ክንፍ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ይባላል፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደውም ለዚሁ ክንፍ ነበር። ዊልኪንሰን ተመልሶ ኩበርግ ሥራ እንዲይዝ ተደረገ፤ ያለ ችግርም ቀጠሩት። አራት ተለጣፊ ፈንጂዎችን ከጥበቃው ዓይን ሰውሮ አስገባ። በታኅሣሥ 1982 አጋማሽ፣ የሥራ ሳምንቱ ባለቀበት ዓርብ ዕለት፣ ዘግይተው እንዲፈነዱ አድርጎ በየቦታቸው አኖራቸውና ወጣ፤ ወደ ስዋዚላንድም ተሻገረ። ፈንጂዎቹ ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈነዱ። ሪአክተሮቹ ገና ነዳጅ አልገባባቸውም ነበርና ጨረራ አልወጣም፤ ቀኑ የዕረፍት ቀን ነበርና የሞተ ሰው የለም። የጣቢያው ሥራ ግን ከዓመት በላይ ተስተጓጎለ፤ የመጀመሪያው ሪአክተር ኤሌክትሪክ የሰጠው በ1984 ነው። ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ ዊልኪንሰን ከእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ምሕረት አገኘ።

ስለ ድርጊቱ ያለን ስሜት የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጀግና ይለዋል፣ ሌላው አደገኛ። ለዚህ መጣጥፍ የሚበቃን ግን አንድ ነገር ነው፤ በአገሩ ያለውን ጥቁር ሁሉ ለመለየት ስንት ሺህ ዘበኛ ያሰማራ መንግሥት፣ ያስፈራው ሰውና የጎዳው ሰው አንድ አልነበሩም።

በአሜሪካ፣ ይህን ከመሰሉ ልምዶች የተነሣ በሩ ከፊትና ከፎቶግራፍ አልፎ ሊጠይቅ ጀመረ። የኑክሌር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ1991 ባወጣው ደንብ፣ ያለ አጃቢ ወደ ጣቢያ ለመግባት የሚፈልግ ሠራተኛ የኋላ ታሪኩ እንዲጠና፣ ሥነ ልቡናዊ ምርመራ እንዲያደርግ፣ ከገባም በኋላ ጠባዩ እንዲጤን አዘዘ። የእጅን ቅርጽ የሚለኩ መሣሪያዎች በየበሩ ተተከሉ፤ ባጅ ሊሰረቅ ይችላል፣ እጅ ግን አይሰረቅም ተባለ።

ያም ቢሆን በነሐሴ 2014 በቤልጅየም የዶኤል ጣቢያ፣ በአራተኛው ክፍል፣ ማንነቱ ያልተለየ እጅ አንድ ቧንቧ ከፍቶ የተርባይኑን 65,000 ሊትር ዘይት አፈሰሰው። ተርባይኑ ያለ ዘይት ሲዞር ተቃጠለ፤ ጣቢያው እስከ ታኅሣሥ ቆመ። ከውጭ የገባ ሰው አልታየም። ያን እጅ በሩ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጣቢያ ካሜራ በዛ፤ በአንዳንድ ሥፍራም ሰው ብቻውን እንዳይገባ፣ ሁለት ሆኖ እንዲገባ ተደረገ።

በባንክ ሙያ ይህ ደንብ አዲስ አይደለም። ካዝና አንድ ሰው ብቻውን አይከፍትም፤ ቁልፉ ከአንዱ፣ የምስጢር ቁጥሩ ከሌላው ዘንድ ይሆናል። ለምን? የሁለቱም ልብ ስለማይታወቅ ነው። ደንቡ ማንንም ሌባ አይልም፤ ማንንም ደግሞ ከፈተና በላይ አያደርግም። እኔ በዚህ ውስጥ ውርደት አይታየኝም፤ እንዲያውም አንድ ዓይነት ርኅራኄ አለበት። ብቻህን አትፈተን የሚል ነውና።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

እስካሁን ያየነው የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪክ ነው። ከቀለም ወደ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፍ ወደ እጅ ቅርጽ እየረቀቀ ሄደ። ሁለተኛውስ ጥያቄ እንደዚሁ ረቀቀ? ይህ የሚታወቀው በሰላሙ ቀን አይደለም፤ መዓት ሲወርድ ነው።

በሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሌሊት የቼርኖቤል አራተኛው ሪአክተር ሲፈነዳ፣ የፓምፕ ሠራተኛው ቫለሪ ኮደምቹክ በተረኛነት ላይ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም፤ መቃብሩ ያ የፈረሰው ሕንፃ ሆኖ ቀረ። በአገራችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኮደምቹክ ስም ቃል በቃል ከመቃብሩ ጎን፣ በጣቢያው ውስጥ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከእርሱ በኋላ ለጽዳት የመጡት ግን ስማቸው እንዲህ አልተለየም። ወታደሩ፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ ሾፌሩ፣ ሐኪሙ ከመላው ሶቪየት ኅብረት ተጠርቶ መጣ፤ በዓመታት ውስጥ 600,000 ያህል ሰዎች የአጽጂነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጨረራ መለኪያ ለሁሉ አልበቃም። ስለዚህ አንድ መለኪያ ለአንድ ቡድን ይሰጥና፣ የያዘው ሰው ያገኘው ልክ ለቡድኑ አባላት ሁሉ ይጻፍ ነበር። መለኪያ ጨርሶ በሌለበትም መጠኑ በግምት ይመዘገብ ነበር። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ግራፋይት በአካፋ የገፋውና ከታች በጥላ የቆመው በመዝገብ ላይ እኩል ሆኑ። በዚያ ዓመት የተፈቀደው ወሰን 250 ሚሊሲቨርት ስለነበር፣ ወሰኑ የሞላበት ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ነበረበት፤ ሰው ሲያጥር ደግሞ ቁጥሩ ከወሰኑ በታች እንዲውል የሚጽፉ አለቆች ነበሩ። የብዙዎቹ ልክ ደግሞ ከነጭራሹ በመዝገብ አልተገኘም። ሲታመሙ ሕመማቸውን የሚናገርላቸው ቁጥር አልነበራቸውም።

ይህ የሆነው ምስጢር በሚወድ፣ ሊፈርስ በተቃረበ መንግሥት ዘንድ ነው ብለን እንዳንጽናና ጃፓን አለች። ጃፓን በ1977 የጨረራ ሠራተኞችን ልክ በአንድ ማዕከል የሚመዘግብ ሥርዓት ዘርግታ ነበር። ሠራተኛው ስሙን፣ የጤና ምርመራውን፣ በየጣቢያው የተቀበለውን ጨረራ የያዘ የእጅ ደብተር ይኖረዋል። ይሁንና በዋናው ኩባንያ ሥር ተቋራጭ፣ በተቋራጩ ሥር ንዑስ ተቋራጭ፣ በእርሱም ሥር ሌላ አለ። ጋዜጠኛው ኩኒዮ ሆሪኤ ሚሃማ፣ ፉኩሺማና ጹሩጋ በሚገኙ ሦስት ጣቢያዎች እንደ ተራ ሠራተኛ ተቀጥሮ ሠርቶ ያየውን በ1979 በመጽሐፍ አወጣ። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚንከራተቱትን ሠራተኞች «የአቶም ዘላኖች» በሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጣቸው የዚያ መጽሐፍ ርእስ ነው።

በመጋቢት 11 ቀን 2011 የባሕር ማዕበል ፉኩሺማን ሲመታ፣ በጣቢያው ከነበሩት 5,000 ያህል መለኪያዎች የሚሠሩት 320 ብቻ ቀሩ። ምን ተደረገ? ሃያ አምስት ዓመት አልፎ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሥርዓት፣ ያው የቼርኖቤል ዘዴ ተመለሰ፤ አንድ መለኪያ ለአንድ ቡድን። ለአደጋው ጊዜ የተፈቀደው ወሰንም ከ100 ወደ 250 ሚሊሲቨርት ከፍ አለ፤ ያው የቼርኖቤል ቁጥር። በሰኔ ወር ደግሞ ከመጋቢት ሠራተኞች መካከል 69 ያህሉ የት እንዳሉ ሊታወቅ አለመቻሉ ተሰማ። መለኪያ ሲዋሱ ስም ጽፈዋል፤ ቀጠራቸው የተባለው ድርጅት ግን የአንዳንዱን ስም አላውቀውም አለ።

እስቲ ይህን ለአፍታ እናስበው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሲሸሽ ወደዚያ የሄዱ ናቸው። በሩ አሳልፏቸዋል፤ ሥራቸውንም ሠርተዋል። ሲወጡ ግን ምን ይዘው እንደወጡ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ሊነግራቸው የሚፈልግ ቢመጣ እንኳ የሚፈልግበት ስም አልነበረውም።

የበለጠም አለ። በታኅሣሥ 2011 አንድ የንዑስ ተቋራጭ ኃላፊ ሠራተኞቹ መለኪያቸውን በእርሳስ ብረት እንዲሸፍኑ ማዘዙ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ተጋለጠ። እርሳስ ጨረራን ስለሚጋርድ መለኪያው ያነሰ ይቆጥራል፤ ሰውየውም ወሰኑ ሳይሞላበት ብዙ ቀን ይሠራል። ሠራተኛውም ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አለው፤ ወሰኑ ከሞላ እንጀራው ይቋረጣልና። ወላን በቺካጎ ያዘጋጀው ያ ምስክር እንዲህ ዓይኑን ተሸፈነ። የሚያሳዝነው የሸፈነው ክፉ ልብ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ችግርም እጁን አበድሯል።

ይህን ሳነብ የመጣችልኝን አጭር ግጥም ላካፍላችሁ፦

ስገባማ በሩ አውቆኝ ነበረ፣
ስሜን ከነአያቴ አንድ በአንድ ቆጠረ፤
ስወጣ ግን አየኝ እንዳልተፈጠረ፣
በአጥንቴ ውስጥ እርሱ ምን እንዳሳደረ
ሳይጠይቀኝ ቀረ።

ነገሩን በተስፋ ማጣት ብቻ መደምደም ግን ፍትሕ አይሆንም። በጥቅምት 2015 የጃፓን የሠራተኛ ሚኒስቴር በፉኩሺማ የሠራ አንድ ሰው የያዘው የደም ካንሰር ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ካሣ እንዲከፈለው ወሰነ። በፉኩሺማው አደጋ ሥራ ምክንያት ከተመዘገበ ጨረራ ጋር ተያይዞ እንዲህ ሲወሰን የመጀመሪያው ነበር። ሚኒስቴሩ በሽታው በእርግጥ ከጨረራው መጣ አላለም። የደም ካንሰርን በተመለከተ ያለው መስፈርት ግን በሥራ ዘመኑ በዓመት 5 ሚሊሲቨርት የደረሰበትን ሠራተኛ የመካስ ነው። ሰውየው በሁለት ጣቢያዎች የተቀበለው ጨረራ ተደምሮ 20 ሚሊሲቨርት ያህል ነበር። ከቼርኖቤል አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ነበረ፤ ስሙም ከቁጥሩ ጋር ነበረ። ሐኪም ያልቻለውን፣ ጠበቃም ብቻውን የማይችለውን፣ በአንድ ደብተር ላይ ስም ከቁጥር ጋር ጎን ለጎን መጻፉ አስቻለ።

መታወቂያ መጠየቅ አንዳንዴ ያስመርረናል። ካልታመንን መስሎን፣ ወይም ተራ ቁጥር ያደረጉን መስሎን ይከፋናል። የሻርፕቪል ሰልፈኞች እንዳሳዩን በእርግጥም መታወቂያ የጭቆና ሰንሰለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የራዲየም ሴቶችና የፉኩሺማ ስም የለሾች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምሩናል፤ ሳይመዘገቡ መቅረትም ጭቆና ነው። ልዩነቱ ያለው መዝገቡ ለማን ተብሎ እንደተያዘ ነው። ለቤቱ ብቻ ተብሎ የተያዘ መዝገብ፣ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ በየትኛውም አገር ስለ አዲስ የኑክሌር ጣቢያ ሲወራ፣ የአጥሩን ቁመትና የካሜራውን ብዛት ከመጠየቅ ጋር አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ የመጨረሻው ንዑስ ተቋራጭ የቀጠረው ጠራጊ ሲወጣ ልኩን በስሙ የሚጽፍለት ማነው? ደብተሩስ በማን እጅ ይቀመጣል?